ሠላሳ ስድስት ነጥብ አምስት

ከኦሆትስክ ባሕር ዳር፣ ከሆካይዶ ጫፍ፣
ነፋስ መስኮት ሲደበድብ ከሚያድርበት አፋፍ፣
ሦስት አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ ሚዛን አለኝ፤
"መምህር" ይሉኛል ልጆቹ፣ የማስተምረው ሳይኖረኝ።

ጫማቸውን ከበር አውልቀው ይገባሉ፤
"ጉልበቴን"፣ "ጥርሴን"፣ "ጆሮዬን" ይላሉ።
የወለቀውን የታች ጥርስ በጥጥ ጠቅልዬ
እሰጣለሁ፣ "ጣሪያ ላይ ወርውረው" ብዬ፤
"የላይኛው ከሆነ ግን ከወለል ሥር ቅበረው፤
አዲሱ ጥርስ አሮጌውን አይቶ ነው የሚበቅለው።"
ይህ ነርስነት ስማር የተማርሁት አይደለም፤
ከነገርኋቸው ሁሉ ግን ይህን የረሳ የለም።

ሀያቴ ሰኞ ሰኞ ነው፤ ሒሳብ ሊጀመር ሲል
በሩን በትከሻው ገፍቶ "ሆዴን" የሚል።
ቴርሞሜትሩን ከብብቱ አኖራለሁ፤
ጢጢ እስኪል ከጎኑ ቁጭ እላለሁ።
ሠላሳ ስድስት ነጥብ አምስት።
ሁሌም ሠላሳ ስድስት ነጥብ አምስት።
ቁጥሩ "ደኅና ነው" ይላል፣
ፊቱ አመድ መስሏል፤
ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል።

መድኃኒት ልስጥ ብል ደንቡ አይፈቅድልኝም።
ያለኝ የሙቅ ውሃ ከረጢት፣ ብርድ ልብስና ዝም ማለት ነው፤
ዝምታም እንደ ክኒን መጠን አለው፤
ሲበዛ ያስደነግጣል፣ ሲያንስ አይሠራም።

ምክትሉ ኩማጋይ ከበሩ ላይ ቆመው
"አልጋሽ ልጆቹን አሰነፋቸው" ይላሉ፣ ሰዓታቸውን አይተው።
እውነት አላቸው፤ ከፈተና የሚሸሽም አለ።
ይህን ከዚያ የምለይበት ከዓይኔ ሌላ መሣሪያ የለኝም፤
ዓይኔ ደግሞ ተሳስቶ ያውቃል። ኮዙዌን አልረሳትም።

"ፕላስተር" ብላ ትመጣለች፣
ከጥፍሯ ግርጌ አንዲት ጭረት ታሳየኛለች፤
ለጥፌላት "በርቺ" እላታለሁ፣ ወደ ወረቀቴ እመለሳለሁ።
የዓመቱን መዝገብ ስዘጋ ነው የገባኝ፣ ያን ዕለት፦
ዐሥራ ሁለት ፕላስተር፣ አንድም ቁስል የሌለበት፤
እጇን ሰው እንዲይዝላት ነበር የምትመጣበት።
ያን ጊዜ እናቷ ወደ ሌላ ከተማ ይዛት ሄዳለች፤
ወንበሯም ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣለች።

የካቲት ላይ በረዶው ተንሳፍፎ ይመጣል፣
ባሕሩ ነጭ ሜዳ ሆኖ ሌሊት ሌሊት ያቃስታል።
ጀልባ ሁሉ ወደብ ላይ ይታሰራል፤
አባት ሁሉ ቤት ይውላል።
የዐሥራ አራት ዓመት መዝገቤን ጎን ለጎን ዘርግቼ
አንድ ነገር አየሁ፣ በቀይ እርሳስ አስምሬ፣ አስልቼ፦
በረዶው በገባ ሳምንት ሆዱን የሚያመው ይበዛል፤
ባሕሩ ሲከፈት ይድናል።
"ሆድ ይፍጀው" የተባለ ነገር
ለካስ እውነትም ሆድ ይፈጃል።

ብርድ ልብሱን ከእግሩ ሥር እያስገባሁ
"በረዶው ዘንድሮ ቶሎ ይሄድ ይመስልሃል?" አልሁ።
ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ምድጃው ተንጣጣ።
"አይሄድም" አለ። ቆይቶ ሌላ ቃል መጣ፣
ከዚያም ሌላ። እዚህ አልጽፈውም፤ የእሱ ነው።
ስልኩን ያነሣሁት ግን እኔ ነኝ፤ ይህ የእኔ ነው።

ሀያቴ አክስቱ ቤት ገባ።
ዓሣ ልገዛ ስወጣ ሻጯ አላናገረችኝም፤
ትንሽ ከተማ ነው፣ ማን እንደ ደወለ አይጠፋትም።
ሚዛኑ ላይ ዓይኗን ተክላ
መልሴን ከባንኮኒው ላይ አስቀመጠች፣ ከእጄ ከልክላ።

ዛሬ ሰኞ ነው። በረዶው ተሰነጣጥቋል፤
ሒሳብ ተጀምሯል።
ሦስተኛው አልጋ ባዶ ነው፣ አንሶላው እንደ ተወጠረ።
የዚህ ሥራ ደመወዙ ይኸው ነው፣ ያልመጣ ልጅ፤
ኮዙዌም ግን አንድ ሰኞ እንዲሁ ነው የቀረችው።

ደረጃውን ወጣሁ፣ ዕቃ እንደ ረሳ ሰው፤
በበሩ መስታወት አየሁ፦ ሁለተኛው ረድፍ፣ ማጅራቱ፣
አክስቱ አጣማ የቆረጠችው ፀጉሩ፣ ላጲስ በእጁ፤
የጻፈውን ያጠፋል፣ እፍ ይላል፣ ደግሞ ይጽፋል።
አላየኝም።

ወርጄ ምድጃውን ቀነስሁ።
በሩ ተንኳኳ። አንድ ትንሽ ልጅ፣ መዳፉን ጨብጦ፣
"የላይኛው ነው!" አለኝ፣
በደም አፉ ስቆ።